ትህትና ያልተናገረችው

የደሴ ሰው ጎረቤት እንዳያውቅበት የሚፈልገው ሕመም ሲይዘው የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ሰው ደግሞ የራሱን ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል። ጠመዝማዛው ላይ ሁለት ሚኒባሶች ሲተላለፉ፣ በዚህኛው ውስጥ እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት አለች፤ በዚያኛውም ውስጥ እንዲሁ። ሁለቱም «ተመስገን፣ እዚያ የሚያውቀኝ የለም» ብለው ይተነፍሳሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ከጀመረ ብዙም ባልቆየበት፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰው ሁሉ ሽር ጉድ በሚልበት በዚያ ዓመት፣ ይህ መውጣትና መውረድ የሁለቱን ከተማ ሾፌሮች ደህና አድርጎ ያበላቸው ነበር።

ትህትና አግማስ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች የሚመከሩት በእሷ ክፍል ነው። ወደዚያ ክፍል ከሚገቡት ሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው አንዲት የደሴ ሴትዮ ነበሩ። ካርዳቸው ላይ ወለተ ሥላሴ ተብሎ ተጽፏል። የክርስትና ስማቸው እንጂ የዓለም ስማቸው እንዳልሆነ ትህትና አላጣችውም፤ ግን ጠይቃቸው አታውቅም። ሴትዮዋ ጥቁር መነጽር ያደርጋሉ፣ ነጠላ ይከናነባሉ፣ በነጠላው ላይ ደግሞ ሻርፕ ይደርባሉ። እንዲህ ሆነው ሲገቡ ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል።

«እማማ፣ ይህን መነጽር ቢተውት እኮ ማንም ልብ አይልዎትም» ትላቸዋለች። «አሁን ግን ሰው ሁሉ ‹ይቺ ተደብቃ የምትታከም ባለሥልጣን ማን ናት?› እያለ ነው።»

«ተይኝ ልጄ። የደሴን ሰው አታውቂውም። ጀርባዬን አይቶ ስሜን ከነአያቴ ይጠራዋል።»

ዓመት ቀደም ብሎ፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ ግድግዳ እየተደገፉ ነበር የገቡት። መድኃኒቱን አልወስድም ብለው ነበር። ሞቱን አልፈሩትም፤ የፈሩት አንድ ልጃቸው እንዳይሰማ ነው። ትህትና አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«እዚህ የተነገረ ከዚህ በር አይወጣም።»

«ለማንም?»

«ለማንም።»

«ለእናትሽም?»

«ለእናቴም።»

«ባል ስታገቢስ? ሴት ልጅ ለባሏ የማታወራው የላትም።»

ትህትና ሳቀች። «ባሉ ገና አልመጣም እንጂ፣ ቢመጣም አልነግረውም።»

ሴትዮዋ ያን ቀን መድኃኒቱን ተቀበሉ። ወራት ሲያልፉ ጉንጫቸው ሞላ፣ ድምፃቸው ተመለሰ፣ ቀልዳቸውም ተመለሰ። አንድ ቀን ሲሰናበቱ አገጯን ያዝ አድርገው፣ «እንዳንቺ ያለች ምራት በሰጠኝ» አሉና ሄዱ። ትህትና ቀኑን ሙሉ ደስ እያላት ዋለች።

* * *

ባሉ ግን መምጣቱ አልቀረም። የመጣውም በሚኒባስ ነው።

ትህትና ደሴ ለሥልጠና ሰንብታ ስትመለስ እንቅልፍ ጣላት። አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ትከሻ ላይ ራሷን ጥላ ሐረጎን ሙሉ ተኛች። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወረደ። ወጣቱ ግን እንዳትነቃበት ትንፋሹን ይዞ ቁጭ ብሏል። ሾፌሩ ከሊድ በመስታወት አይቶ አላስቻለውም።

«አንተ! ትራስ ሆነህ ልትቀር ነው እንዴ? ውረድ እንጂ አቦ!»

ትህትና ደንግጣ ነቃች። የወጣቱ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀልቶ አየችው። ስሙ ወንድምአገኘሁ ነው። ደሴ ፒያሳ ትልቅ የጨርቅ ሱቅ ያላት የአንዲት እናት አንድ ልጅ። ከዚያ በኋላ ኮምቦልቻ ውስጥ ጉዳይ ይበዛበት ጀመር። ጨርቅ የጫነ መኪና ሊቀበል፣ ደረሰኝ ሊያስተካክል፣ በመጨረሻም ሰበብ ሲያልቅበት «ሙቀቱ ናፍቆኝ ነው» ማለት ጀመረ። የደሴ ብርድ ይመስገን። ዓመት ሳይሞላ ቃል ተገባቡ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ይዟት ሄደ። «እጮኛዬን አመጣለሁ» ብቻ ብሏቸው፣ እናቱ ሽር ጉድ ሲሉ ነው የሰነበቱት። ግቢው ታጥቧል፣ ዶሮው ተሠርቷል። በሩን ራሳቸው ከፈቱት፤ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ፊታቸው በደስታ በርቶ።

ያኔ ተያዩ።

መነጽር የለም፣ ሻርፕ የለም። ግን እነዚያን ዓይኖች ትህትና ክፍሏ ውስጥ መነጽሩ ሲወልቅ አልቅሰውም ስቀውም ታውቃቸዋለች። የካርዱ ወለተ ሥላሴ የወንድምአገኘሁ እናት ወይዘሮ ሰርካዲስ ነበሩ። የሴትዮዋ እጅ መዝጊያው ላይ ቀረ። የፊታቸው ብርሃን እንደ ኩራዝ እፍ ተብሎ ጠፋ።

ትህትና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «እንደምን ዋሉ እማማ። ትህትና እባላለሁ» አለች፣ በሕይወቷ አይታቸው እንደማታውቅ። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ምሳ ቀረበ። ወይዘሮ ሰርካዲስ አንድ ጉርሻ አነሱና መልሰው አስቀመጡ።

«የት ነው የምትሠሪው?»

«ኮምቦልቻ፣ ጤና ጣቢያ።»

«ምን ክፍል?»

ወንድምአገኘሁ ወጥ እየጨለፈላት ነበርና የእናቱን ጣቶች አላየም። የገበታውን ጠርዝ አንቀው ይዘውታል።

«ያው መርፌ እንወጋለን፣ ቁስል እናጥባለን። ታካሚው ብዙ ነው እማማ፤ የማንን ፊት አስታውሰን እንችለዋለን?»

ይህን ያለችው ልታሳርፋቸው ነበር። እሳቸው ግን የፈራ ሰው ናቸውና ማስታገሻውን እንደ ማስፈራሪያ ሰሙት።

ወንድምአገኘሁ ቤቱ መቀዝቀዙ ገብቶት ሊያሟሙቅ ሞከረ። «እማዬ፣ አባቷ እኮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት። እሳቸው ያመርታሉ፣ እኛ እንሸጣለን። ገጥመናል!»

«እኛ የምንሸጠው የዱባይ ነው» አሉ እናቱ።

በማግስቱ ለልጃቸው ቁርጡን ነገሩት። የፋብሪካ ላብ አደር ልጅ እዚህ ቤት አትገባም። ሀብታም እናት እንዲህ ስትል ሰሚ አይጠራጠርም፤ ወንድምአገኘሁም አልተጠራጠረም። ትህትና ግን በር ላይ ስትሰናበታቸው ዓይናቸውን አይታ ነበር። ንቀት አልነበረበትም። ጥሻ ውስጥ የተደበቀ፣ ኮቴ የሰማ ሰው ዓይን ነበር። እሷ እንዲህ የሚያስፈራ ኮቴ መሆኗን ስታስብ ልቧ ተሰበረ።

* * *

ወንድምአገኘሁ በሳምንቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ቦርከና ወንዝ ዳር ዳሩን ሲሄዱ ድንገት ቆመ።

«እናቴን ከዚያ ቀን በፊት ታውቂያት ነበር?»

ትህትና ወንዙን አየች። አላውቃቸውም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ግን የምትወደውን ሰው ዋሸች ማለት ነው። አውቃቸዋለሁ ብትል ቀጥሎ «የት?» ይመጣል። ከ«የት?» በኋላ ደግሞ የሚቀር ነገር የለም።

«ስለ እናትህ አትጠይቀኝ ወንዴ። ሌላ የፈለግከውን ጠይቀኝ።»

«ሌላ የምጠይቅሽ የለኝም። በሩ ላይ ስትተያዩ አይቻለሁ። ሰው እንዲያ የሚተያየው ሲተዋወቅ ነው። ሰድባሻለች?»

«ኧረ አልሰደቡኝም።»

«ለብቻሽ ጠርታ ‹ልጄን ተይልኝ› አለችሽ?»

«አላሉኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው? እኔ እኮ እናቴን ልቋቋምልሽ ነው የመጣሁት! ሽማግሌ እልካለሁ፣ ቤት እከራያለሁ፣ ከፈለገች ሱቋን ትያዘው። አንቺ ብቻ ከጎኔ ቁሚ። አንድ ቃል በይኝ።»

ትህትና ለመናገር አፏን ከፈተች። የታያት ግን የሠርጉ ማግስት ነው። ወይዘሮ ሰርካዲስ በገዛ ቤታቸው፣ በየገበታው፣ በየዓመት በዓሉ እሷን ባዩ ቁጥር እየተሸማቀቁ፣ «ዛሬ ትነግረው ይሆን?» እያሉ ሲኖሩ። አፏን ዘጋችው።

«ገባኝ» አለ ወንድምአገኘሁ። ምንም አልገባውም። «የማትፈልጊው እኔን ነው።»

ወደ መናኸሪያው ሲሄድ ከኋላው አየችው።

በዚያ ሰሞን በስልክ መልእክት መጻፍ ተዘግቶ ነበርና የተጣላ ፍቅረኛ እንደ ድሮው ወረቀት ይገዛል። ደብዳቤው በሾፌሩ በከሊድ እጅ መጣ።

«ትህትና ሆይ፣ ዝምታሽን ልፈታው ሞከርኩ፤ አቃተኝ። ጨርቅ ስለካ ክንዴ ራሱን እየረሳ ያንቺን ትከሻ ይለካል። ደንበኛ ሦስት ሜትር ሲለኝ አራት እቆርጣለሁ፤ እናቴ ትቆጣለች፤ ምን ልበላት? ከእንግዲህ አላስቸግርሽም። በፍጹም አላስቸግርሽም።»

አላስቸግርሽም ሲል የከረመው ልጅ ታዲያ፣ ከታች አድራሻውን በትልልቁ ጽፎታል፤ የማታውቀው ይመስል።

ከይሪያ፣ የሥራ ጓደኛዋም የከሊድ እህትም ናትና፣ ደብዳቤውን ከእጇ ነጥቃ አነበበች።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ለኔ ቢጽፍልኝ ወረቀቱን ሳልጨርስ ሐረጎን በእግሬ እወጣው ነበር። አንቺ ግን ድንጋይ ነሽ እንዴ? የደበቅሽው ነገር ምንድን ነው?»

«የኔ ሚስጥር አይደለም ከይሪያ።»

ከይሪያ ለመሳቅ ጀምራ ቆመች። እሷም የዚያው ክፍል ነርስ ናት። የታካሚን ሚስጥር እርስ በርሳቸው እንኳ እንደማያነሱ ታውቃለች። ደብዳቤውን አጠፈችና በጥንቃቄ በጓደኛዋ ጋውን ኪስ ውስጥ መለሰችው።

«ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ። «አብሽሪ እህቴ።» ዳግመኛም አልጠየቀቻትም። ከዚያ ሁሉ ቀን ትህትናን ያሳረፋት ይሄ አለመጠየቅ ነበር።

* * *

ከፍቅሩ የባሰው ግን ኋላ መጣ። የወለተ ሥላሴ የቀጠሮ ቀን ደረሰና አለፈ። የሚቀጥለውም ሳምንት አለፈ። እጃቸው ላይ የነበረው መድኃኒት እንደሚያልቅ ትህትና ታውቃለች። መድኃኒቱን አቋርጦ የቆየ ሰው ሲመለስ ያው ኪኒን ላይሠራለት እንደሚችልም ለስንቱ አስረድታለች።

ሴትዮዋ የሸሹት ሞትን አልነበረም፤ እሷን ነበር።

ብዕር አነሳች። ለወንድምአገኘሁ አንዲት መስመር መጻፍ ብቻ ነበር። ልጅ ነው፤ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ እናቱን እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል። እናትም ትድናለች፣ የእሷም ዝምታ ይፈታል፣ ፍቅሩም ይመለሳል። አንዲት መስመር ያን ሁሉ ታደርጋለች። ያስፈራትም ይሄው ነው፤ ለሴትዮዋ ብላ ይሁን ለራሷ ብላ የምትጽፈው መለየት አቃታት። ብዕሩን አስቀመጠች።

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቀችና ወደ ደሴ ወጣች።

ገበያ ቀን ነበር፤ ሱቁ ሰው ሞልቶበታል። ወንድምአገኘሁ ሜትሩን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ዘርግቷል። ቀና ሲል አያት። ሜትሩ ከእጁ ወደቀ። ፊቱ ላይ የበራውን አይታ ትህትና ቶሎ ቀደመችው፤ ተስፋው ሥር ሳይሰድ።

«እናትህን ፈልጌ ነው።»

ፊቱ ተመልሶ ጨለመ። መንገድ ለቀቀላት።

ወይዘሮ ሰርካዲስን ከመደርደሪያው አጠገብ አንዲት ደንበኛ በመጋረጃ ዋጋ እየተከራከረቻቸው ነበር። ከንፈራቸው ደርቋል፤ የመለሱት ጉንጭ እንደገና መሟሸሽ ጀምሯል። ደንበኛዋ «ካልቀነሱማ እሄዳለሁ!» ብላ ዞር ስትል ከትህትና ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ወዲያው ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። የያዘችውን ጨርቅ ጣለችና ውልቅ ብላ ሄደች። ትህትና የመደርደሪያውን አበባማ ጨርቅ እያየች ነበር፤ አንገቷን እንኳ አልመለሰችም።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ሴትዮዋንም አዩ፣ ትህትናንም አዩ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ጓዳው ጠቆሟት።

ጓዳው እስከ ጣሪያው ጨርቅ ተከምሮበታል። በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ልትነግሪው መጣሽ?»

«አይደለም እማማ። ቀጠሮዎ ስላለፈ ነው የመጣሁት።»

«ይለፍ። ለምን መጣሽብኝ? ሞት ይሻለኛል።»

«አይሻልዎትም። ያን ሁሉ ደክመው የዳኑት ለዚህ አልነበረም።» ትህትና መንገዱን ሙሉ ስትለማመደው የመጣችውን ቃል በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። «ወደ ክትባት ክፍል እንድቀየር ጠይቄያለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ከእንግዲህ ሲመጡ የሚያገኙት ከይሪያ የምትባል ልጅ ነው። ጥሩ ልጅ ናት፣ ከኔ ይልቅ ታስቅዎታለች። እኔን አያዩኝም። ልጅዎንም ትቼዋለሁ። ቤትዎም አልመጣም። እባክዎን መድኃኒቱን ብቻ ይውሰዱ።»

ወይዘሮ ሰርካዲስ አንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጡ።

«ትቼዋለሁ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ይወድሻል እኮ። እህል አይበላም። ሰው ሦስት ሲለው አራት ሜትር እየቆረጠ አከሰረኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ? አንቺስ አትወጂውም?»

የትህትና እጅ የአንዱን ጨርቅ ጠርዝ አጥፎ ይዘረጋል፣ አጥፎ ይዘረጋል።

«ለምን ብሎ አልጠየቀሽም?» አሉ ሴትዮዋ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ።

«ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«ስለኔ አንድም ነገር? ‹እናትህን ጠይቃት› እንኳ አላልሽውም?»

«ምንም አላልኩም እማማ።»

«ወይ እኔ!» ወይዘሮ ሰርካዲስ ደረታቸውን ያዙ። «ከውጭ በገባ ቁጥር ፊቱን ነው የማየው። ዛሬ ነገረችው፣ ዛሬ አወቀ እላለሁ። አይጠይቀኝም፤ ይከሳል ብቻ። ልጄ ሲከሳ ቁጭ ብዬ ሳይ ‹እሰይ፣ አላወቀም› እላለሁ። እንዲህ ያለች እናት ሆንኩልሽ።»

ድንገት ቀና ብለው ዓይኗን አተኩረው አዩ።

«ቅድም ጨርቁን ጥላ የወጣችውን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?»

«የቷን ሴትዮ?» አለች ትህትና።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። የልጅቷ ፊት ላይ ምንም አልነበረም፤ እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ነው። በዚያ እሑድ በራቸው ላይ «ትህትና እባላለሁ» ያለቻቸው ይኸው ፊት ነበር። ያን ቀን ማስፈራሪያ መስሏቸው የነበረው ምን እንደሆነ አሁን ታያቸው። ከሳቅና ከለቅሶ የቱ እንደቀደማቸው ራሳቸውም አላወቁም።

«ወንድምአገኘሁ!» ብለው ተጣሩ። «ሱቁን ዝጋና ና!»

«በገበያ ቀን? እማዬ፣ ሰው ሞልቷል እኮ!»

«ዝጋ አልኩህ!»

ያ ሱቅ ባላቸው በሞቱ ሰሞን እንኳ ግማሽ በሩ ተከፍቶ ነበር የሚውለው። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። እናቱን አየ፣ ትህትናን አየ፣ ማንን እንደሚጠይቅ ጠፋው።

«ተቀመጥ» አሉት። ቆመ። «ልቁም ካልክ ቁም። ስማኝ ልጄ። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ። ከአባትህ ሞት በኋላ ነው ያወቅኩት። አባትህን እንዳትወቅስብኝ፤ የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ይቺ ልጅ መድኃኒቱን ባትሰጠኝ ኖሮ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ቀብረኸኝ ነበር። ላብ አደር፣ ፋብሪካ እያልኩ የለፈለፍኩት ሁሉ ውሸት ነው። ሚስጥሬን ስለምታውቅ ፈርቻት ነው።»

ወንድምአገኘሁ እናቱ እግር ሥር ወደቀና ጉልበታቸውን አቀፈ።

«ኮምቦልቻ ዘመድ ልጠይቅ እያልሽ የምትሄጂው…»

«ዘመዴ እሷ ናት» አሉ፣ ፀጉሩን እየዳበሱ። «ሌላ ዘመድ የለኝም እዚያ።»

«ከኔ ትደብቂያለሽ እማዬ? ከኔ?»

«ከአንተ ነዋ። የምሳሳው ላንተ አይደል።»

እናትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ። ትህትና ቀስ ብላ ወደ በሩ ስትጠጋ ወንድምአገኘሁ በእንባ ውስጥ ቀና አለ።

«ትህትና፣ ታውቂ ነበር?»

ትህትና አሁንም፣ ነገሩ ሁሉ ከተገለጠ በኋላ እንኳ፣ ዓይኗን ወደ ወይዘሮ ሰርካዲስ አዞረች።

«ንገሪው ልጄ» አሉ እሳቸው። «ፈቅጃለሁ።»

«አውቅ ነበር» አለችው።

እነዚያ ሁለት ቃላት ያን ሁሉ ጊዜ ደረቷ ውስጥ ተጭነው ነበርና ሲወጡ ቀለል አላት። ወንድምአገኘሁ ያያትበት ዓይን ወንዝ ዳር ትቷት የሄደው ዓይን አልነበረም። «እኔ ደግሞ የማትወጂኝ መስሎኝ…» አለ።

ውጭ የሱቁን በር ሰው ያንኳኳል። «ኧረ ክፈቱ፣ ከቦሩ ሜዳ ድረስ ነው የመጣነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሚከፍት አልነበረም።

ወይዘሮ ሰርካዲስ የልጃቸውን ትከሻ ተደግፈው ተነሱ። የትህትናን ሁለት እጆች ያዙ፤ መጀመሪያ የተገናኙ ቀን እሷ የእሳቸውን እንደያዘችው አጥብቀው፣ ጎንበስም አሉ፤ ትልቅ ሴት ለልጅ የማትጎነበሰውን።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ። «ስላዳንሽኝ አይደለም፤ እሱንስ ሥራዬ ነው ትይኛለሽ። ልጄን ትተሽ ዝም ስላልሽልኝ።»

ትህትና ብዙ ሰው አመስግኗት ያውቃል። ስለ መርፌዋ፣ ስለ ኪኒኗ፣ ስለ ፈገግታዋ። ሳትናገር ስለቀረችው ነገር ግን ማንም አመስግኗት አያውቅም። ደብዳቤው ሲመጣ አላለቀሰችም ነበር፤ ቦርከና ዳርም አላለቀሰችም። አሁን በወይዘሮ ሰርካዲስ ትከሻ ላይ ራሷን ጣለችና፣ የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው፤ በደስታ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ ማንም ሳያባብላት።